ኤሚ ኖተር፦ ያለ ደሞዝ 15 ዓመት

የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ስለ ቁጠባና ብድር እንድጽፍ ትጠብቁ ይሆናል። ዛሬ ግን የአንዲት የሒሳብ ሊቅ ሕይወት ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤሚ ኖተር በ1882 ኤርላንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደች። አባቷ ማክስ ኖተር በከተማው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበር። እርሷ መጀመሪያ የተዘጋጀችው የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ አስተማሪ ለመሆን ነው። ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደች። ያኔ በዚያ ሴት አትመዘገብም፤ መምህሩን አስፈቅዳ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች እንጂ። ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። መመዝገብ የተፈቀደላት በ1904 ነው፤ በ1907 ዶክትሬቷን ያዘች።

ከ1908 እስከ 1915 በኤርላንገን ሠራች። አባቷ ሲታመም ተክታው ታስተምር ነበር። ደሞዝ ግን የላትም፤ የምትኖረው በቤተሰቧ ድጋፍ ነበር። በ1915 ዴቪድ ሂልበርትና ፌሊክስ ክላይን የተባሉ ስመ ጥር ሊቃውንት ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ጠሯት። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ ሴት አታስተምርም ብለው ተቃወሙ። የተገኘው መላ ይህ ነው፦ ትምህርቱ በሂልበርት ስም ይለጠፋል፣ ክፍል ገብታ የምታስተምረው ኤሚ ናት።

የሚጠብቃት ሥራ ከባድ ነበር። አልበርት አይንስታይን ስለ ስበት ባወጣው አዲስ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ የኢነርጂ ሒሳብ እንደ ቀድሞው አልዘጋ ብሎ ሊቃውንቱን አስቸግሯል። ኢነርጂ አይፈጠርም አይጠፋም፣ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይዛወራል የሚለውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ለምን እንዲህ ሆነ? ኤሚ በ1918 መልሱን አገኘች። የተፈጥሮ ሕግ ትናንትም ዛሬም አንድ ስለሆነ ኢነርጂ አይጎድልም። ሕጉ ላንቴም ጎቲንገንም አንድ ስለሆነ ሞመንተም፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ነገር ይዞት የሚሄደው ግፊት፣ አይጎድልም። በአይንስታይን ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ሒሳቡ ለምን የተለየ እንደሆነም በዚያው ጽሑፍ አሳየች። እኔ እንደገባኝ፣ ሌሎቹ ሚዛኑ መዝጋቱን ያዩ ነበር፤ የሚዘጋበትን ምክንያት ያሳየችው እርሷ ናት። የዘመናችን ፊዚክስ በዚህ ላይ ቆሟል። ጽሑፉን ለጎቲንገን የሳይንስ ማኅበር ያቀረበው ግን ክላይን ነው፤ እርሷ አባል አልነበረችማ!

በ1919 በራሷ ስም እንድታስተምር ተፈቀደላት። በ1922 የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጧት፣ ያለ ደሞዝ። ለማስተማሯ ትንሽ ክፍያ ያገኘችው በ1923 ነው፤ ያኔ 41 ዓመቷ ነበር። ከ1908 ጀምሮ ስደምረው 15 ዓመት ይመጣል። በማንም የደሞዝ መክፈያ ላይ ስሟ አልተጻፈም። ሥራው ግን ተሠርቷል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር ልበል። የማኅበራችን ደብተር ቁጠባን፣ ብድርን፣ መዋጮን ይመዘግባል። ሙዝ ለማስጫን ከንጋት ጀምሮ የሚቆሙትን፣ የታመመች አባል ቤት ሄደው የሚያስታምሙትን የሚመዘግብ ዓምድ የለውም። በሚቀጥለው ጉባኤ የሥራ ሰዓት የሚጻፍበት ዓምድ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ። ደጋፊዎቻችንም ከገንዘቡ ሌላ ምን ያህል እንደምናዋጣ በቁጥር ያዩታል።

ወደ ኤሚ ልመለስ። ከተማሪዎቿ አንዷ ግሬተ ኸርማን ናት። ስመ ጥሩ ጆን ፎን ኖይማን፣ ጥቃቅን ነገሮችን ከሚያጠናው ከኳንተም ፊዚክስ በስተጀርባ ሌላ የተደበቀ ምክንያት ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አረጋግጫለሁ ብሎ ነበር። ግሬተ በ1935 የማረጋገጫውን ክፍተት አሳየች። የሰማት ጥቂት ነው። ጆን ቤል የተባለ ሊቅ ያንኑ ክፍተት በራሱ አግኝቶ እስኪያሳትም ድረስ 30 ዓመት አለፈ።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኤሚ አይሁዳዊት ስለሆነች ከሥራዋ ተባረረች። ወደ አሜሪካ ተሰድዳ በፔንሲልቫኒያ ብሪን ማር በሚባል የሴቶች ኮሌጅ ማስተማር ጀመረች። ለደሞዟ ገንዘብ የሰጡት የሮክፌለር ፋውንዴሽንና ከጀርመን የተፈናቀሉ ምሁራንን የሚረዳ ኮሚቴ ነበሩ። በፕሪንስተንም እየተመላለሰች ታስተምር ነበር። በዚያ የቆየችው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ሚያዝያ 1935 ለዕጢ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በ53 ዓመቷ ዐረፈች። አመዷ የተቀበረው እዚያው ኮሌጅ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለው መተላለፊያ ሥር ነው።