ሄርኩለስን የሠራው ብርጭቆ

የአገራችን ኳስ ደጋፊ ተከራክሮ ከማይጨርሳቸው ጉዳዮች አንዱ የተጫዋቾቻችን ተክለ ሰውነት ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ሲጫወቱ ከዛምቢያ 1ለ1 ወጡ፤ ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4ለ0፣ በናይጄሪያ ደግሞ 2ለ0 ተሸነፉ። ከአዲስ አበባ ሻይ ቤቶች አንስቶ ወልዲያና ሐራ ድረስ የደጋፊው ቁጭት ያው ነው፤ ልጆቹ ኳስ ይችላሉ፣ ሲገፉ ግን ይወድቃሉ። ለዚህም ይመስላል ወጣቱ ዛሬ ጂም ቤት የሚያዘወትረው። ብረት ማንሳቱ አይከብደውም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚበላው ነገር ነው። ከውጭ የሚገባው የፕሮቲን ዱቄት ዋጋው አይቀመስም፤ ጣሳውን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ ብረቱን የሚጥል ብዙ ነው።

በዓለም ላይ እጅግ ውብ ጡንቻ ነበረው የሚባልለት ሰው ግን እንዲህ ያለ ጣሳ ሳያውቅ ነው የሻምፒዮንነት ክብሩን የጨበጠው። ጠዋት ጠዋት የሚጠጣውን ወጥ ቤት ገብቶ ራሱ ይበጠብጥ ነበር። ይህ ሰው ስቲቭ ሪቭስ ነው። ስሙን የማያውቀው እንኳ ሄርኩለስን ያውቃል፤ በሲኒማ ሰንሰለት የሚበጥሰው፣ ዓምድ የሚጥለው ያ ባለ ጺም ፈርጣማ ሰው እሱ ነው።

አባት የሌለው ጋዜጣ አዳይ

ስቲቭ ሪቭስ እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1926 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ግላስጎው በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ በእርሻ ሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ሞተ። እናቱ ብቻዋን አሳደገችው። 10 ዓመት ሲሞላው እናትና ልጅ ጓዛቸውን ጠቅልለው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ገቡ። እዚያም ስቲቭ በብስክሌት ጋዜጣ የሚያድል ልጅ ሆነ። ኦክላንድ ዳገት የበዛባት ከተማ ናት። በኋላ ዓለም የተደነቀበት ባቱ የተጀመረው በዚያ ዳገት ላይ ነው ይባላል።

ወደ ብረት የወሰደው ሽንፈት ነው። አንድ ቀን ከሱ በሰውነት የሚያንስ ልጅ በክንድ ትግል ጣለው። ነገሩ አላስተኛውም። ልጁ ብረት እንደሚያነሳ ሲያውቅ እሱም ጀመረ። በ16 ዓመቱ ገደማ ኤድ ያሪክ የተባለ የኦክላንድ አሰልጣኝ ጂም ገባ። ያሪክ የልጁን አጥንትና ትከሻ አይቶ ምን እንደያዘ ወዲያው ገባው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ሪቭስ ወታደር ሆኖ ፊሊፒንስ ተላከ። እዚያ ወባ ያዘው። ወባ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለሐራና ለመርሳ ቆላ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ገዝፎ የነበረ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ልብሱ ይሰፋዋል። ሪቭስ ከአልጋ ሲነሳ የተገነባው ሁሉ ፈርሶ ነበር ማለት ይቻላል። እንደገና ከዜሮ ጀመረ።

የብርጭቆው ምስጢር

ከጦርነቱ ሲመለስ ጊዜ አላጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1947 ገና በ21 ዓመቱ ሚስተር አሜሪካ ሆነ። በ1948 ፈረንሳይ፣ ካን ከተማ ላይ ሚስተር ወርልድ ተባለ። በ1950 ደግሞ ለንደን ላይ እንግሊዛዊውን ሬጅ ፓርክን ሁለተኛ አድርጎ ሚስተር ዩኒቨርስን ወሰደ። ቁመቱ 1.85 ሜትር፣ ክብደቱ 97 ኪሎ ገደማ ነበር። የአንገቱ፣ የክንዱና የባቱ ዙሪያ እኩል 47 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር ይባላል። ሌሎች ከሱ የሚበልጥ ክብደት ያነሱ ይሆናል፤ እንደሱ የተመጣጠነ ግን አልነበረም።

ታዲያ ምን ይበላ ነበር? ሪቭስ በኋላ በመጽሐፉ እንደገለጸው ጠዋት የሚጠጣው ነገር ቀላል ነው። 4 ዲሲ ሊትር ያህል አዲስ የተጨመቀ የብርቱካን ጁስ፣ አንድ ሙዝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የጀላቲን ዱቄት እና ከ2 እስከ 4 ጥሬ እንቁላል። ይኼ ሁሉ አንድ ላይ ይመታና ይጠጣል፤ በቃ። 3 እንቁላል ከገባበት 28 ግራም ያህል ፕሮቲንና 550 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ዛሬ በጣሳ ከሚሸጠው አንድ ብርጭቆ ዱቄት አያንስም።

ቀሪው ምግቡም ተራ ነበር። ምሳ ላይ አይብ፣ ለውዝ፣ ዘቢብና ፍራፍሬ፤ ማታ ስብ ያልበዛበት ሥጋ ወይም ዓሣ ከብዙ ሰላጣ ጋር። ከሚበላው 60 በመቶው ኃይል ሰጪ ምግብ፣ 20 በመቶው ፕሮቲን፣ 20 በመቶው ቅባት እንዲሆን ይፈልግ ነበር። የሚሠራውም በሳምንት 3 ቀን ብቻ ነው፤ ሙሉ ሰውነቱን በአንድ ቀን ይሠራና በማግስቱ ያርፋል። ጡንቻ የሚያድገው ብረቱ ሥር ሳይሆን በእንቅልፍና በማዕድ ነው ብሎ ያምን ነበር።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። ዲያናቦል የተባለው የጡንቻ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። የሪቭስ የመጨረሻው ዋንጫ ደግሞ የ1950ው ነው። ኋላ ላይ ስፖርቱ በመድኃኒት ሲጥለቀለቅ ሪቭስ በግልጽ ከተቃወሙት አንዱ ሆነ። መጽሐፉንም የሰየመው በተፈጥሮ መንገድ የሚገነባ ሰውነት በሚል ሐሳብ ነው።

7 ኪሎ ወይስ ፊልም?

በሆሊውድ ትልቁን ዕድል ያጣው በዚሁ ጡንቻ ምክንያት ነው። ስመ ጥሩው ዳይሬክተር ሲሲል ዲሚል ሳምሶንና ደሊላ ለሚለው ፊልም ሳምሶንን ፈልጎ ሪቭስን አስፈረመው። ነገር ግን ካሜራ ሰውን ያወፍራልና 7 ኪሎ ያህል ቀንስ አለው። ሪቭስ ሞከረ። ጂም ሲገባ ደግሞ ጓደኞቹ ምን ነካህ፣ ከሳህ እያሉ ያሳቅቁታል። አንዱን መምረጥ ነበረበትና ሰውነቱን መረጠ። ፊልሙን ቪክተር ማቹር ወሰደው። በሃያዎቹ ዕድሜ ላለ ወጣት ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ትናንሽ ሥራ እየሠራ ነው የኖረው።

ዕድል ግን ዞሮ መጣ። ፒየትሮ ፍራንቺሺ የተባለ ጣሊያናዊ ዳይሬክተር ሄርኩለስን የሚሆን ሰው ሲያፈላልግ ሪቭስን በ1954ቱ አቴና ፊልም ላይ ያየችው ሴት ልጁ ናት የጠቆመችው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሄርኩለስ ወጣ። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሌቪን መብቱን ገዝቶ በቀጣዩ ዓመት በከፍተኛ ማስታወቂያ አሜሪካ ሲያሳየው ፊልሙ ገበያውን አጥለቀለቀው። ሪቭስ በአንድ ጊዜ የአውሮፓ ውድ ተዋናይ ሆነ።

ደስታው ግን አልዘለቀም። የፖምፔይ የመጨረሻ ቀናት የተባለውን ፊልም ሲሠራ የሚነዳው ሠረገላ ከዛፍ ጋር ተላተመ። ትከሻው ወለቀ። ከዚያ በኋላ ብረቱንም ትወናውንም በሕመም ነው የሠራው። እ.ኤ.አ. በ1968 የመጨረሻውን ፊልሙን ሠርቶ በቃኝ አለ። ካሊፎርኒያ ገብቶ ሞርጋን የተባሉ ፈረሶች ማርባት ጀመረ። ጉዳት ከባድ ብረት ሲከለክለው ፈጥኖ መራመድን ስፖርቱ አደረገ፤ በ1982ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 2000 በካንሰር ሳቢያ በ74 ዓመቱ አረፈ።

ከሪቭስ ምን ይወሰዳል?

ብርጭቆውን እንዳለ መገልበጥ ግን አያዋጣም። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የተባለውን የሆድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ጥቅሙም ቢሆን ያንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ቤልጂየም ውስጥ የተደረገ ጥናት ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉን፣ ከጥሬው ግን ግማሹን ያህል ብቻ እንደሚወስድ አሳይቷል። እንቁላሉን ቀቅሎ ከጁሱ ጎን መብላት ያው ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል። ጀላቲን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ስለሚሠራ ለወሎ ሙስሊምም ለክርስቲያኑም አይሆንም። ለብቻውም የተሟላ ፕሮቲን አይደለም፤ ቢቀር አይጎዳም።

እኛ ጋ ደግሞ በሶ አለ። ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃና በማር ተበጥብጦ የሚጠጣው በሶ መንገደኛና ወታደር ሲሰንቀው የኖረ ምግብ ነው። 2 ብርጭቆ የፈላ ወተት ቀዝቅዞ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ሙዝ፣ አንድ ማንኪያ የለውዝ ቅቤና ትንሽ ማር አንድ ላይ ቢመታ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲንና 600 ካሎሪ ገደማ ይወጣዋል። በጾም ቀን ወተቱ በውሃ ተተክቶ ለውዙ ይጨመራል፤ ፕሮቲኑ መቀነሱ ስለማይቀር ምሳ ላይ ምስርና ሽምብራ ማብዛት ነው። መምቻ ማሽን የሌለው ሙዙን በሹካ ፈጭቶ ክዳን ባለው ጠርሙስ ይነቅንቀው።

ብርጭቆው ብቻውን ማንንም ሄርኩለስ አያደርግም። ሪቭስን ያስነሳው በወባ የፈረሰን ሰውነት ከዜሮ የጀመረበት ትዕግሥት፣ በሳምንት 3 ቀን ሳያጓድል የሠራው ሥራና ዕረፍቱ ነው። በየጂሙ ብረት የሚገፋው፣ ነገ ወልዲያ ስታዲየም ላይ ሲገፋ የማይወድቅ ተከላካይ መሆን የሚመኘው ልጅ ከዚህ ሰው የሚማረው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የጣሳው ዋጋ ጠዋት ተነስቶ በሶውን ከመበጥበጥ አያግደውም።