ማዕበል ሳይመጣ ያስጠነቀቁት አድሚራል

የራዲዮም ሆነ የቴሌቪዥን ዜና ሲያበቃ የነገው የአየር ሁኔታ ይነገራል። ገበሬው አዝመራውን ለመሰብሰብ፣ መንገደኛው ለመነሳት፣ አብራሪው ለመብረር ጆሮውን ይሰጣል። ዛሬ እንደ ተራ ነገር የሚታየው ይህ አገልግሎት ሲጀመር ግን አንድ ሰው ሀብታቸውን የጨረሱበት፣ ስማቸውም በአደባባይ የተብጠለጠለበት ሥራ ነበር።

እኒህ ሰው እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ምክትል አድሚራል ሮበርት ፊትዝሮይ ናቸው። ዓለም በአብዛኛው የሚያስታውሳቸው የተፈጥሮ ተመራማሪውን ቻርለስ ዳርዊንን ይዛ ዓለምን በዞረችው ቢግል በተባለች መርከብ አዛዥነታቸው ነው። ለሰው ልጅ የዋሉት ትልቁ ውለታ ግን ከዚያ ጉዞ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከባሕር ወርደው በአንዲት ትንሽ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በተቀመጡበት ጊዜ የመጣ ነው።

ፊትዝሮይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 5 ቀን 1805 በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎልክ ግዛት ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የዘር ሐረጋቸው ከንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ይመዘዛል፤ አያታቸው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አባታቸው ደግሞ የጦር ጄኔራል ነበሩ። እናታቸውን ያጡት ገና በሕፃንነታቸው ነው። በ12 ዓመታቸው ፖርትስማዝ ከተማ በሚገኘው የንጉሣዊ ባሕር ኃይል ኮሌጅ ገቡ፤ በዓመቱም ወደ ባሕር ወጡ። በ1824 ለሌተናንትነት የሚሰጠውን ፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝተው በማለፋቸው ከእርሳቸው በፊት ማንም ያላገኘው ውጤት ተብሎ ተመዘገበላቸው።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ የደቡብ አሜሪካን የታችኛውን ጫፍ ጠረፍ የሚያጠኑ መርከቦች አሰማርታ ነበር። ከእነዚህ አንዷ ቢግል ነበረች። የቢግል አዛዥ ፕሪንግል ስቶክስ የብቸኝነቱ፣ የብርዱና የማያባራው ዝናብ ጭንቀት መንፈሱን ሰብሮት በ1828 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መርከቧን እንዲመሩ የተሾሙት የ23 ዓመቱ ወጣት ፊትዝሮይ ነበሩ።

አዛዥነቱን ከተረከቡ ብዙም ሳይቆዩ፣ በጃንዋሪ 1829፣ በኡራጓይ ጠረፍ አጠገብ በማልዶናዶ አቅራቢያ ድንገተኛ አውሎ ነፋስ መርከቧን መታት። የምሰሶዎቿ ጫፎች ተሰባበሩ፤ ሁለት መርከበኞችም ሞቱ። ከአደጋው በፊት የአየር ግፊት መለኪያው ባሮሜትር መውረዱን አሳይቶ ነበር፤ ወጣቱ አዛዥ ግን ለምልክቱ የሚገባውን ክብደት አልሰጡትም። ይህ ጸጸት ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም። ሰማይ ከመቆጣቱ በፊት ምልክት እንደሚሰጥ፣ ምልክቱን ማንበብም የነፍስ ጉዳይ መሆኑን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሁለት ሰዎች ሞት ነው።

የፊትዝሮይ ታሪክ ነቀፋ የሌለበት አይደለም። በ1830 የቲዬራ ዴል ፉዌጎ ነዋሪዎች አንድ ጀልባ በወሰዱባቸው ጊዜ ሰዎችን በመያዣነት ያዙ፤ በመጨረሻም አራት የአካባቢውን ተወላጆች ወደ እንግሊዝ ይዘው ተመለሱ። ሐሳባቸው ቋንቋና ሃይማኖት አስተምረው ወደ ወገናቸው ለመመለስ ነበር። ከአራቱ አንዱ ግን እንግሊዝ እንደደረሰ በፈንጣጣ ሞተ። የተረፉትን ሦስቱን ወደ አገራቸው የመመለስ ቃል ኪዳን ለሁለተኛው የቢግል ጉዞ አንዱ ምክንያት ሆነ።

ሁለተኛው ጉዞ ዲሴምበር 27 ቀን 1831 ተጀምሮ ኦክቶበር 2 ቀን 1836 ተጠናቀቀ። ከእርሳቸው በፊት የነበረው አዛዥ በብቸኝነት ምን እንደደረሰበት የሚያውቁት ፊትዝሮይ በማዕድ አብሯቸው የሚቀመጥ፣ በዕውቀት የሚወያያቸው የተማረ ባልንጀራ ፈለጉ። የተገኘው የ22 ዓመቱ ቻርለስ ዳርዊን ነበር። በጠባቧ መርከብ ክፍል አምስት ዓመት አብሮ መኖር ቀላል አልነበረም። ፊትዝሮይ ቁጣቸው ፈጣን ነበር፤ ብራዚል ላይ ስለ ባርነት ተከራክረው ዳርዊንን ከማዕዳቸው እስከ ማባረር ደርሰዋል፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ይቅርታ ጠየቁት።

በዚህ ጉዞ መርከቧ 22 ትክክለኛ የጊዜ መለኪያ ሰዓቶችን ይዛ ነበር። በሰዓቶቹ አማካኝነት መርከቧ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደራቀች ይሰላ ነበር። ፊትዝሮይ ያዘጋጇቸው የባሕር ካርታዎች ከእርሳቸው በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት መርከበኞችን መርተዋል። ሥራው እንዳይጓደል ብለው ረዳት መርከብ በገዛ ገንዘባቸው ገዙ፤ የባሕር ኃይሉ አስተዳደር ግን ወጪውን አልተካላቸውም። መርከቧንም ለመሸጥ ተገደዱ። ለሕዝብ ሥራ ከኪስ ማውጣት ልማዳቸው መሆን የጀመረው ያኔ ነው። በ1837 የንጉሣዊው ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው።

ከጉዞው መልስ ፊትዝሮይ ወደ ሕዝባዊ አገልግሎት ተሻገሩ። በ1841 ከደርሃም ተመርጠው የምክር ቤት አባል ሆኑ። በምክር ቤቱም የንግድ መርከብ አዛዦች በፈተና ብቃታቸውን እንዲያረጋግጡ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። በ1843 ደግሞ የኒውዚላንድ ሁለተኛው ገዥ ሆነው ተሾሙ።

የጠበቃቸው ሹመት ሳይሆን ፈተና ነበር። ከመድረሳቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በዋይራው ሸለቆ በመሬት ይገባኛል ጠብ 22 እንግሊዛውያን ተገድለው ነበር። ሰፋሪዎቹ አዲሱ ገዥ ደማቸውን እንዲመልሱላቸው ጠበቁ። ፊትዝሮይ ግን ነገሩን መርምረው፣ ማኦሪዎቹ እጅ የሰጡትን መግደላቸውን ቢያወግዙም፣ የጠቡ መነሻ ሰፋሪዎቹ ባለቤትነቱ ያልተረጋገጠ መሬት ለመለካት በኃይል መግባታቸው ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱ በሰፋሪዎቹ ዘንድ አስጠላቸው። በዚያ ላይ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር፤ የበላዮቻቸው መመሪያ ሳይፈቅድ የወረቀት ገንዘብ አወጡ። የማኦሪው አለቃ ሆኔ ሄኬ በኮሮራሬካ የተተከለውን የእንግሊዝ ባንዲራ መስቀያ ደጋግመው ቆርጠው ጣሉ፤ በማርች 1845ም ጦርነት ተቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት ፊትዝሮይ ከሥልጣን ተነሥተው ጆርጅ ግሬይ ተተኩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ዕዳ ተሸክመው፣ ስማቸው ጎድፎ ነው።

በ1850 ከባሕር ኃይል የዘወትር አገልግሎት ተሰናበቱ። አብዛኛው ሰው የሕይወታቸው ምዕራፍ የተዘጋ መስሎት ነበር። በ1854 ግን የእንግሊዝ የንግድ ቦርድ ከመርከቦች የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስብ አነስተኛ ክፍል ሲያቋቁም ኃላፊነቱን ለእርሳቸው ሰጠ። ሠራተኞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የተሰጣቸው ሥራም ቁጥር መሰብሰብና መመዝገብ እንጂ ስለ ነገ መናገር አልነበረም። የዛሬው የእንግሊዝ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት መነሻው ይህች ክፍል ናት።

ፊትዝሮይ በመዝገብ ብቻ አልረኩም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ጠረፍ በየዓመቱ ብዙ መርከቦች ይሰበሩ፣ ብዙ ዓሣ አጥማጆችም ይሰምጡ ነበር። ስለዚህ ቀላልና ጠንካራ ባሮሜትር ድሆች ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩባቸው ወደቦች እንዲተከል አደረጉ። ማንበብ የሚችል ሁሉ ከመቅዘፉ በፊት አይቶት እንዲወጣ ወይም እንዲቀር ነው።

በኦክቶበር 1859 መጨረሻ ግን አገሪቱን ያስደነገጠ ማዕበል ተነሣ። ሮያል ቻርተር የተባለችው መርከብ ከአውስትራሊያ ወርቅ ቆፋሪዎችንና ወርቃቸውን ይዛ ወደ ሊቨርፑል ልትገባ ጥቂት ሲቀራት በአንግልሲ ደሴት ዓለት ላይ ተላትማ ተሰባበረች። ወደ 450 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። በዚያው ማዕበል ሌሎች ከመቶ በላይ መርከቦችም ሰጠሙ። ፊትዝሮይ የማዕበሉን ጉዞ ከየስፍራው በተሰበሰበ መረጃ ሰዓት በሰዓት ተከታትለው ሠሩት። ያገኙት ውጤት ግልጽ ነበር፤ ማዕበሉ ከቦታ ወደ ቦታ ይጓዛል፣ የቴሌግራፍ መልእክት ደግሞ ከማዕበል ይፈጥናል። አንዱ ጠረፍ ሲመታ ሌላው አስቀድሞ ሊሰማ ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ጣቢያዎች በየማለዳው የአየር ግፊትን፣ ሙቀትንና የነፋስን አቅጣጫ በቴሌግራፍ ወደ ለንደን መላክ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 1861 የመጀመሪያው የማዕበል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ወደብ በረጅም ምሰሶ ላይ ከሸራ የተሠራ ምልክት ይሰቅላል። ጫፉ ወደ ላይ የቆመ ሾጣጣ ምልክት ነፋሱ ከሰሜን፣ ወደ ታች የዞረው ደግሞ ከደቡብ እንደሚመጣ ያመለክታል። ማንበብ የማይችለው ቀዛፊም ከሩቅ አይቶ ይረዳዋል።

ኦገስት 1 ቀን 1861 ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ ለሕዝብ የተዘጋጀውን የመጀመሪያ ዕለታዊ የአየር ትንበያ አተመ። ፊትዝሮይ ለሥራቸው ስም ሲመርጡም ተጠንቅቀዋል። ሥራቸው ከጠንቋይ ንግርት ጋር እንዳይቀላቀል፣ ከመረጃ ተነሥቶ የሚሰጥ ግምት መሆኑን የሚገልጽ ቃል መረጡ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም እስከ ዛሬ ለአየር ትንበያ የሚጠቀምበት ቃል ያ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያም ወደ ዋይት ደሴት ከመሻገራቸው በፊት የባሕሩን ሁኔታ ያስጠይቋቸው ነበር።

ውዳሴው ግን አልቆየም። አሥራ አምስት ጣቢያ ለአንድ አገር ሰማይ ጥቂት ነው። የእንግሊዝ ማዕበል በአብዛኛው የሚመጣው ከምዕራብ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ሲሆን በዚያ በኩል መልእክት የሚልክ ጣቢያ አልነበረም። ስለዚህ ትንበያው አንዳንዴ ይሰምር፣ አንዳንዴ ይስት ነበር። በሳተ ቁጥር ጋዜጦች ተሳለቁ። የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ባለቤቶች ምልክቱ ሲሰቀል ሠራተኞቻቸው ከወደብ አንወጣም በማለታቸው ገቢያችን ቀረ ብለው አማረሩ። ሳይንቲስቶች ደግሞ ሕጉ ሳይታወቅ ትንበያ መስጠት የሳይንስን ክብር ያወርዳል ብለው ነቀፉ። የምክር ቤት አባላትም የቴሌግራፉን ወጪ ጠየቁ። ከባሕር ዳር የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ግን ምልክቱን ማየት አልተዉም። በእነርሱ ዘንድ አሥር ጊዜ በከንቱ ከወደብ መቅረት አንድ ጊዜ ከመስጠም ይሻላል።

ሌላም ሕመም ነበር። በጽኑ ሃይማኖተኛነታቸው የሚታወቁት ፊትዝሮይ፣ ዳርዊን በ1859 ያሳተሙት የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፍ መነሻው የገዛ መርከባቸው መሆኑ አሳዘናቸው። በ1860 በኦክስፎርድ በተደረገው ዝነኛ ክርክር ላይ መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው ይዘው ቆመው ተቃውመዋል።

በ1863 ወደ ምክትል አድሚራልነት ያደጉት ፊትዝሮይ ከዚያ በኋላ ጤናቸው ታወከ፤ መስማትም እየተሳናቸው መጣ፤ በጭንቀት ተዋጡ። ኤፕሪል 30 ቀን 1865፣ እሑድ ማለዳ፣ በ59 ዓመታቸው የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። ከሞታቸው በኋላ የታየው ነገር ብዙዎችን አስገረመ። ከታላቅ ቤተሰብ ተወልደው፣ መርከብ አዝዘው፣ አገር ገዝተው የነበሩት ሰው ሀብታቸውን በሙሉ ለሕዝብ ሥራ አውጥተው ለቤተሰባቸው ያስቀሩት ከዕዳ በቀር እምብዛም አልነበረም። ወዳጆቻቸው ገንዘብ አዋጡ፤ በሃይማኖትና በሳይንስ የተለያዩአቸው ዳርዊንም 100 ፓውንድ ሰጡ። ንግሥቲቱም ለባለቤታቸው በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት መኖሪያ ፈቀዱ።

የፊትዝሮይን ሥራ የመረመረው ኮሚቴ ትንበያው በቂ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም በማለቱ ዕለታዊው ትንበያ ቀረ። በ1866 መጨረሻም የማዕበል ማስጠንቀቂያው ተቋረጠ። ያኔ ከየወደቡ አቤቱታ ጎረፈ። ምልክቱ የጠፋባቸው መርከበኞች ዋጋውን ያወቁት ሲያጡት ነበርና ማስጠንቀቂያው በ1867 ተመለሰ። ለሕዝብ የሚቀርበው ትንበያም በ1879 እንደገና ጀመረ። አገልግሎቱን ያዳኑት ሊቃውንት ሳይሆኑ በምልክቱ ነፍሳቸውን ያተረፉ ባሕርተኞች ነበሩ።

በደቡብ አሜሪካ ፓታጎኒያ በአርጀንቲናና በቺሊ ድንበር የቆመው 3 ሺህ 405 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ተራራ በስማቸው ፊትዝሮይ ይባላል። ከዚህ የሚበልጠው መታሰቢያ ግን በ2002 የተሰጣቸው ነው። የእንግሊዝ የባሕር ትንበያ ከሚያካልላቸው የውቅያኖስ ክፍሎች አንዱ፣ ቀድሞ ፊኒስቴሬ ይባል የነበረው፣ በስማቸው ተሰየመ። ከዚያ ወዲህ በራዲዮ የባሕሩ ሁኔታ በተነገረ ቁጥር የፊትዝሮይ ስም ይጠራል፤ በዚያ ውኃ ላይ ያለ መርከበኛም ስሙን ሰምቶ ሸራውን ይሰበስባል ወይም ጉዞውን ይቀጥላል።