የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ሕይወትና በሰም ላይ የቀረው ድምፃቸው

የዳግማዊ አጼ ምኒልክ ባለቤት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ድምፃቸው ተቀርጾ ለትውልድ ከተላለፈላቸው ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዷ ናቸው። የትውልድ ስፍራቸው ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ደብረ ታቦር እንደሆነች በስፋት ይነገራል።

አባታቸው ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም የሰሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። ጣይቱ ለሴት ልጅ ትምህርት እምብዛም በማይታሰብበት በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረው ያደጉ ሲሆን፣ በገና ይደረድሩ እንደነበርም ይነገራል። በ1875 ዓ.ም ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተጋብተው፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በውጫሌ ውል ላይ የያዙት አቋምና በአድዋ ዘመቻ የነበራቸው ድርሻ በሰፊው የተጻፈ በመሆኑ እዚህ መድገም አያሻም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከድሉ ሦስት ዓመት በኋላ የሆነው ነው።

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በነሐሴ 1890 ዓ.ም ለአጼ ምኒልክ የሰላምታ መልእክት በፎኖግራፍ አስቀርጸው፣ ሃሪንግተን በተባለው መልእክተኛ እጅ ላኩ። የንግሥቲቱ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ቅጂው እንዲጠፋ ታዝዞ ስለነበር ዛሬ የለም። ምኒልክና ጣይቱ በ1891 ዓ.ም በዚያው ዓይነት መሣሪያ የሰጡት ምላሽ ግን በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ ቆይቷል። በዘመኑ የቤተ መንግሥት ደብዳቤ በጸሐፊ እጅ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት ይላክ ነበር። በዚህኛው መልእክት እቴጌይቱ ያለ ጸሐፊ፣ በገዛ አንደበታቸው ነው የተናገሩት። መልእክቱም የሁለት መንግሥታት መጻጻፊያ፣ ማለትም የመንግሥት ሰነድ ነበር።

እቴጌ ጣይቱ በአጼ ምኒልክ ሕመም ወቅት የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ይዘው ከቆዩ በኋላ በ1902 ዓ.ም ከሥልጣን ተገለሉ። በመጨረሻ ዘመናቸው ወደ ጎንደር ሄደው ለመኖር ቢጠይቁም ፈቃድ አላገኙም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም በእንጦጦ አርፈው፣ አስከሬናቸው በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

በሰም ላይ የቀረው ቃል ለአገሩ ሰው የደረሰው ዘግይቶ ነው። ኢትዮጵያዊው የቋንቋ ምሁር አብርሃም ደሞዝ ስለ ፎኖግራፉ መልእክት ጥናት ያሳተሙት በ1961 ዓ.ም ሲሆን፣ ያኔ ድምፁ ከተቀረጸ 70 ዓመት አልፎ ነበር። ዛሬ ግን የደብረ ታቦር ነዋሪ በእጅ ስልኩ ሊያዳምጠው ይችላል።

የብዙኃን መገናኛና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጎች በመንግሥት አካላት እጅ ያለን መረጃ፣ በጽሑፍም ሆነ በድምፅና በምስል የተያዘ ቢሆን፣ የመጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። አፈጻጸሙን እንዲከታተል ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ይሁንና አዋጁ በውጭ አገር መዛግብት ላይ ሥልጣን የለውም። ለአገር ውስጡም ቢሆን መብቱ ዋጋ የሚኖረው ጠያቂው እስኪመጣ ድረስ ክሩ ሳይበላሽ ከቆየ ነው። በ1957 ዓ.ም ሥራ ከጀመረው ቴሌቪዥንና ከእርሱ ከሚቀድመው ሬዲዮ የተረፉት አሮጌ ክሮች በጊዜ ካልተገለበጡ፣ ጥያቄው ቢፈቀድም የሚሰማ ነገር ላይገኝ ይችላል።