ለትምህርት ቤት የተናዘዘችው ልዕልት

የተማርንበትን ትምህርት ቤት የሚደግፍ ማኅበር ለማቋቋም ከጓደኞቼ ጋር መተዳደሪያ ደንብ እያረቀቅን ነው። ገንዘቡ ከየት ይምጣ በሚለው ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ተከራከርን። ማን ይቆጣጠረው የሚለውን ግን በአምስት ደቂቃ አለፍነው። የሃዋይዋ ልዕልት በርኒስ ፓዋሂ ቢሾፕ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው።

ፓዋሂ እ.ኤ.አ. በ1831 ሆኖሉሉ ውስጥ ተወለደች። በ1850 ወላጆቿ ያልፈቀዱትን አሜሪካዊ አገባች። በ1872 ደግሞ ንጉሡ ሊሞት ሲያጣጥር ዘውዱን ቢሰጣት እምቢ አለች። (በእኛ ታሪክ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጌ ብዙ አላገኘሁም።)

ልጅ አልነበራትም። ሕዝቧም ከውጭ በገባ በሽታ እያለቀ ነበር። በ1883 ከዘመዷ የወረሰችው ተጨምሮ ርስቷ ወደ 375 ሺህ ኤከር ሲደርስ፣ በዚያው ዓመት ኑዛዜዋን ጻፈች። አብዛኛው ሀብቷ አንድ የወንዶችና አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም ለአምስት ባለአደራዎች ተሰጠ። ባለአደራዎቹ ገቢና ወጪውን በየዓመቱ ለጠቅላይ ዳኛው እንዲያቀርቡና በጋዜጣ እንዲያወጡም አዘዘች። በ1884 በካንሰር ሞተች። የወንዶቹ ትምህርት ቤት በ1887፣ የሴቶቹ በ1894 ተከፈተ። ባሏም ከራሱ ኪስ ጨመረበት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን አልበቃም። በ1990ዎቹ እያንዳንዱ ባለአደራ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ክፍያ ይወስድ ጀመር። በ1997 የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች ሰልፍ ወጡ። በ1999 አምስቱም ከቦታቸው ተነሱ።

እኛም ሒሳቡ በየዓመቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ የሚል አንቀጽ ጨምረናል። የቦርድ አባላት አበል አይከፈላቸውም የሚለው ግን እስካሁን እያከራከረን ነው።