ሥዕሎቹን የሸሸገ ሠዓሊ፤ የቪልሄልም ቡሽ ታሪክ

በጀርመን አገር፥ ከሐኖቨር ከተማ በስተ ምዕራብ፥ ቪደንሳል የሚባል የገበሬዎች መንደር አለ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1832 ዓ.ም. በአፕሪል ወር በ15ኛው ቀን ቪልሄልም ቡሽ በዚህ መንደር ተወለደ። ከዚህ በኋላ የሚነገሩትም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ትንሽ ሱቅ ይዞ ለመንደሩ ሰው የሚያስፈልገውን ሸቀጥ የሚሸጥ፥ በሥራው የተጋ ሰው ነበረ። ቪልሄልም ከሰባት ልጆች በኵር ሲሆን፥ ሰውነቱ ቀጭንና ደካማ፥ ጠባዩም ዝምተኛ ነበረ።

ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ቤቱ በሕፃናት ስለ ተጨናነቀ፥ ወላጆቹም በመንደሩ ከሚገኘው የተሻለ ትምህርት ስለ ተመኙለት፥ በ1841 ዓ.ም. የእናቱ ወንድም ወደ ሆነው ወደ ቄስ ጌኦርግ ክላይነ ላኩት። ቄሱ የሚኖርበት ኤበርገትሰን የሚባለው መንደር በሠረገላ ሦስት ቀን ያስኬድ ነበር። አጎቱ ደግ ሰው ነበረና ልጁን ራሱ አስተማረው። ንብ አናቢም ስለ ነበረ የንብን ጠባይ አሳየው። ሆኖም ልጁ ወላጆቹን ሳያይ ሦስት ዓመት ያህል ቈየ። በ1844 ዓ.ም. ወደ ቪደንሳል በተመለሰ ጊዜ እናቱ መጀመሪያ ስታየው አላወቀችውም። እናት የበኵር ልጅዋን እንደ እንግዳ ስታየው፥ የልጁ ልብ ምን እንደ ሆነ ለመገመት አያስቸግርም። ቡሽ በዕድሜው ሁሉ ብዙ ሰው ከተሰበሰበበት እየራቀ፥ የልቡንም ነገር እየደበቀ የኖረ ሰው ነው። ታሪኩን የጻፉ ሰዎችም የዚህን ጠባይ ሥር በሕፃንነቱ ከቤቱ በመለየቱ ያገኙታል።

በኤበርገትሰን ግን አንድ ትልቅ ነገር አገኘ፤ ይኸውም ወዳጅ ነው። ኤሪክ ባኽማን የሚባል የባለወፍጮ ልጅ በዕድሜ እኩያው ነበረና በቄሱ ቤት አብሮት ይማር ጀመር። ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ልጆች በወንዙ ዳር ይጫወቱ፥ በጭቃም ይንከባለሉ፥ መንኰራኵሩ በውሃ ኃይል እየተንኳኳ እህል በሚፈጭበት በወፍጮው ቤትም ይውሉ ነበር። ቡሽ ገና በልጅነቱ የባኽማንን መልክ በእርሳስ ሥሏል፤ ጉንጩ ሙሉ የሆነ፥ በራሱ የሚተማመን ልጅ ነው። ይህን መልክ ያየ ሰው በኋላ ዓለም ሁሉ ከሳቀባቸው ከሁለቱ ልጆች አንዱን ወዲያው ያውቀዋል። የሁለቱ ወዳጅነት ከስድሳ ዓመት በላይ ቈየ እንጂ በልጅነት ጨዋታ አላበቃም።

አባቱ ልጁ የመኪና መሐንዲስ እንዲሆን ስለ ፈለገ፥ ቡሽ በ1847 ዓ.ም. ገና ዐሥራ አምስት ዓመቱ ሳለ በሐኖቨር ወደሚገኘው የእጅ ጥበብና የምሕንድስና ትምህርት ቤት ገባ። ወደ አራት ዓመት ያህል ተማረ፤ ትምህርቱም አልከበደውም፤ ልቡ ግን ወደ ሥዕል ነበረ። ስለዚህ በ1851 ዓ.ም. ያን ትቶ በዲውሰልዶርፍ ወደሚገኘው የሥዕል ትምህርት ቤት ሄደ። አባቱ ሳይወድ ፈቀደለት። በዲውሰልዶርፍ ያገኘው ትምህርት ስላላረካው በሚቀጥለው ዓመት አንትዌርፕን ወደምትባል ወደ ቤልጅግ ከተማ ተሻገረ።

በአንትዌርፕን የሆነበትን ነገር ማስተዋል ይገባል፤ የዕድሜው ነገር ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነውና። በዚያ የሩበንስን፥ የብራውወርን፥ የቴኒርስን፥ የፍራንስ ሀልስንም ሥዕሎች በዓይኑ አየ። እነዚህ ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት የሚያህል የቀደሙ የኔዘርላንድ ሠዓሊዎች ናቸው። ቀለማቸው፥ የእጃቸውም ፍጥነትና እርግጠኛነት እጅግ አስደነቀው። ነገር ግን ያ አድናቆት ወዲያው ሐዘን ሆነበት፤ የእነርሱን ሥራ ከራሱ ጋር ሲያስተያይ እጁ ደካማ መስሎ ታየው። እንደ እነርሱ ሠዓሊ የመሆን ምኞት ከልቡ አልወጣም፤ እሆናለሁ የሚለው ተስፋ ግን በዚያ ተሰበረ። በ1853 ዓ.ም. ደግሞ በጽኑ የተስቦ በሽታ ታመመ። ያከራዩት ሰዎች አስታመሙትና በሕይወት ተርፎ፥ ገንዘብም ሥራም ሳይኖረው ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ።

ከበሽታው እስኪያገግም ድረስ በቪደንሳል ተቀምጦ ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች አፍ ተረትና ዘፈን እየሰበሰበ ይጽፍ ነበር። ቀጥሎም ወደ ሙኒክ ሄደ፤ የዚያም የሥዕል ትምህርት ቤት አላረካውም። ወደ ብራዚል ተሻግሮ ንብ አናቢ ለመሆን ያሰበበት ጊዜም ነበር። እንዲህ ሲንከራተት ሳለ ካስፓር ብራውን የሚባል ሰው አገኘው። ይህ ሰው ራሱ ሥዕል በእንጨት ላይ የሚቀርጽ ባለሙያ ሲሆን፥ በሙኒክ የቀልድ ሥዕልና ጽሑፍ የሚያወጣ ጋዜጣ አሳታሚ ነበረ። ቡሽ ከ1859 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለእርሱ ይሥል ጀመር፤ ከአባቱም ገንዘብ መጠየቁ ቀረ።

በዚያን ዘመን ሥዕል በጋዜጣ የሚታተመው እንዲህ ነበር። ሠዓሊው አሳቡን በእርሳስ በወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ቀጥሎ በጠንካራ የእንጨት ገበታ ላይ ይገለብጠዋል። ከዚህ በኋላ ቀራጩ መሥመሩን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ በስለት ይፍቃል፤ በቀረውም መሥመር ላይ ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ይታተማል። ስለዚህ የማያስፈልግ መሥመር ሁሉ የቀራጩን ድካም የሚያበዛ ነበር። ቡሽም በጥቂት መሥመር ብዙ ነገር መናገርን ቻለበት። የሚሮጥን፥ የሚወድቅን፥ የሚያስነጥስን ሰው ሲሥል የሰውነቱን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ንቅናቄውንም ያሳያል። በ1865 ዓ.ም. በሣለው አንድ ታሪክ ፒያኖ የሚመታ ሰው ዜማውን ባፈጠነ ጊዜ ጣቶቹና ዓይኖቹ በአንድ ሥዕል ላይ በዝተው ይታያሉ። ዛሬ የሥዕል ታሪክ የሚያነብ ሕፃን ሁሉ ይህን የመሰለውን ምልክት ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ ግን አዲስ ነገር ነበረ።

በ1864 ዓ.ም. ቡሽ በድሬስደን በሚኖር ሃይንሪክ ሪክተር በሚባል አሳታሚ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ ነገር ግን የሚገዛው ጠፋ። ያሳታሚውን ጉዳት ለመካስ አስቦ፥ ያለ ዋጋ እንዲያትመው ሌላ መጽሐፍ አቀረበለት። ይህ መጽሐፍ ማክስና ሞሪትስ ስለሚባሉ ሁለት ክፉ ልጆች የሚናገር በግጥምና በሥዕል የተሠራ ታሪክ ነው። ሪክተር ከአባቱ ጋር ተማክሮ አይሸጥም ሲል መለሰለት። ቡሽም በ1865 ዓ.ም. ለካስፓር ብራውን በ1000 ጉልደን ሸጠለት፤ ይህም የአንድ የእጅ ባለሙያ የሁለት ዓመት ደመወዝ ያህል ነበር። ለጊዜው ጥሩ ገንዘብ ነው። ነገር ግን መብቱን ፈጽሞ ስለ ሸጠ፥ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ካመጣው እጅግ ብዙ ትርፍ ጥቅሙ ለአሳታሚው ሆነ። መጀመሪያ 4000 ቅጂ ታተመ፤ ይህም ቀስ እያለ ስለ ተሸጠ ሁለተኛው እትም የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ቡሽ በሞተበት ዓመት ግን እትሙ 56ኛ፥ የቅጂውም ቍጥር 430,000 ደርሶ ነበር። ጃፓኖችም እንኳ ገና በ1887 ዓ.ም. በቋንቋቸው አንብበውታል።

ሁለቱ ልጆች ሰባት ክፋት ይሠራሉ። የመበለቲቱን ዶሮዎች ይገድላሉ፤ ልብስ ሰፊው ወንዝ ውስጥ እንዲወድቅ ድልድዩን በመጋዝ ይቈርጣሉ፤ በአስተማሪው ፒፓ ባሩድ ይጨምራሉ፤ በአጎታቸው አልጋ ጥንዚዛ ይበትናሉ። በመጨረሻ የገበሬውን የእህል ስልቻ ሲቀዱ ተይዘው ወደ ወፍጮ ይጣላሉ፤ እንደ እህልም ይፈጫሉ፤ ዱቄታቸውንም የባለወፍጮው ዳክዬዎች ይበሉታል። ከመንደሩም ሰው ያዘነላቸው አንድ ስንኳ የለም።

በዚያ ዘመን ብዙ መምህራን ይህ መጽሐፍ ልጆችን ያበላሻል ብለው ተቈጡ። ሽታየርማርክ በሚባለው የኦስትሪያ አውራጃም በ1929 ዓ.ም. ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ተከልክሎ ነበር። መምህራኑ የፈሩት የልጆቹን ክፋት ነው። ረጋ ብሎ ላነበበ ሰው ግን ይልቅ የሚያስደነግጠው የትልልቆቹ ሰዎች ፍርድ ነው፤ ሁለት ሕፃናት ሞተው መንደሩ በሙሉ ደስ ይለዋልና። ቡሽ ራሱን ደግ አድርጎ የሚያይ ሰው ሁሉ በውስጡ ጭካኔ እንዳለው ያምን ነበር፤ ይህንንም በሳቅ አድርጎ አሳየ። ነገር ግን እርሱም ከዚህ አልነጻም። በአንዳንድ መጽሐፉ ውስጥ አይሁድን በማዋረድ የሣላቸው ሥዕሎች አሉ፤ እነዚህም በምንም ምክንያት የሚመሰገኑ አይደሉም።

ከጀርመን አገር ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሩዶልፍ ዲርክስ የሚባል ወጣት ሠዓሊ በ1897 ዓ.ም. በኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ ስለ ሁለት ረባሽ ወንድማማቾች የሚናገር ታሪክ ይሥል ጀመር። ይህም ከማክስና ከሞሪትስ የተቀዳ ነበረ፤ ታሪኩም በሌሎች ሠዓሊዎች እጅ እየተላለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ የሥዕል ታሪክ እንዲለመድ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ እርሱ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በብዙ አገር የሚነበበው የሥዕል ታሪክ አንዱ ሥሩ ወደዚያ ወፍጮ ቤት ይደርሳል።

ቡሽ ስሙ እንዲህ ሲገን በቪደንሳል ተቀምጦ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። የዘይት ቀለም ይዞ በትንንሽ ሰሌዳና ካርቶን ላይ ይሥል ነበር፤ ሜዳን፥ ዛፍን፥ ከብትን፥ ቀይ ኰት የለበሰ ገበሬን። ወደ አንድ ሺህ የሚያህል የዘይት ቀለም ሥዕል እንደ ሠራ ይነገራል። ነገር ግን ለሕዝብ አላሳየም፤ ለመሸጥም አላሰበም። ቀለሙ ሳይደርቅ አንዱን በሌላው ላይ እየደረደረ በጥግ ስለሚያስቀምጣቸው እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የተበላሹ አሉ፤ በአትክልት ቦታው በእሳት ያቃጠላቸውም አሉ። በአንትዌርፕን ያያቸው የእነዚያ ሠዓሊዎች ሥራ እስከ ሽምግልናው ድረስ ከፊቱ አልተለየም። ሰዎች ስለ ቀልዱ ያመሰግኑታል፤ እርሱ ግን የሚወደውን ሥራ በዚያ ሚዛን እየመዘነ ጐደሎ ሆኖ ያገኘዋል። ሚዛኑ ትክክል አልነበረም፤ ከሞተ በኋላ ሥዕሎቹን ያዩ ዐዋቂዎች ብዙዎቹን እጅግ አድንቀዋልና። ያቃጠላቸው ግን አልተመለሱም።

ሚስት አላገባም። የእኅቱ የፋኒ ባል ቄስ ኔልደከ በሞተ ጊዜ ከእርስዋ ጋር አንድ ቤት ሆኖ ሦስቱን ወንዶች ልጆችዋን እንደ አባት አሳደገ። በ1884 ዓ.ም. የመጨረሻውን የሥዕል ታሪክ አሳተመ። በ1898 ዓ.ም. ከእኅቱ ጋር ሜክትስሃውዘን ወደሚባል መንደር ሄዶ ቄስ ከሆነው ከልጅዋ ከኦቶ ጋር ይኖር ጀመር። ሰባ ዓመት በሞላው ጊዜ ከየአገሩ የምስጋና ደብዳቤ ጐረፈለት። ማክስንና ሞሪትስን በ1000 ጉልደን የገዛው ማተሚያ ቤትም ያን ጊዜ 20,000 ማርክ ሰጠው። ቡሽ ገንዘቡን ለራሱ አላስቀረም፤ በሐኖቨር ለሚገኙ ለሁለት ሆስፒታሎች አካፍሎ ሰጠ። ወዳጁ ባኽማን በ1907 ዓ.ም. ሞተ። ቡሽም ብዙ ሳይቈይ በ1908 ዓ.ም. በጃንዋሪ 9 ቀን በሜክትስሃውዘን ዐረፈ፤ በዚያም ተቀበረ።

በ1930 ዓ.ም. በሐኖቨር ሥራውን የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አቆሙ፤ በ1937 ዓ.ም. ቤተ መዘክር ተከፈተለት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተ መዘክሩ ጌኦርገንጋርተን በሚባለው መናፈሻ ውስጥ ባለው የቀድሞ ቤተ መንግሥት ተቀመጠ። ዛሬ በዚያ ውስጥ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ አገር ሠዓሊዎች የቀልድ ሥዕል ተሰብስቧል። የባኽማን ወፍጮ ደግሞ ታድሶ በኤበርገትሰን ለጐብኚዎች ክፍት ሆኗል፤ መንኰራኵሩም ይዞራል።

ወደ ሐኖቨሩ ቤተ መዘክር የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ከልጅነቱ ጀምሮ ማክስንና ሞሪትስን የሚያውቅ፥ የሥዕል ታሪክም ሲያነብ ያደገ ነው። የሚመጣውም ለመሳቅ ነው። ቡሽ በገዛ እጁ የጻፈውንና የሣለውን የማክስና የሞሪትስን መጽሐፍ ሲያይ፥ በእርሳስ የተነደፉትን ንድፎች ከታተሙት ጋር ሲያስተያይ፥ በአንድ መሥመር እንዴት ሰው ወድቆ እንደሚነሣ ሲመለከት ደስ ይለዋል። ከዚያ አለፍ ሲል ትንንሾቹን የዘይት ቀለም ሥዕሎች ያገኛል። በእነዚህ የሚያሥቅ ነገር የለም። ብሩሹ በችኰላ ያለፈበት ደመናማ ሰማይ፥ ጨለም ያለ ሣር፥ በሩቅም ፊቱ የማይታይ አንድ ቀይ ኰት የለበሰ ሰው አለ። ከብዙዎቹ በታች የሠዓሊው ስምም ዓመቱም አልተጻፈም።