ዜቡሎን ብሮክዌይ፡- አመክሮን በህግ ያስደነገጉት የወህኒ ቤት ሹም

በአሜሪካ የቅጣትና የአመክሮ ህግ ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሳው ዜቡሎን ብሮክዌይ እ.ኤ.አ. በ1827 በኮኔክቲከት ግዛት ተወለዱ። በ21 ዓመታቸው በዌዘርስፊልድ ወህኒ ቤት በጸሐፊነት ስራ የጀመሩ ሲሆን፣ በ1861 የዲትሮይት ማረሚያ ቤት ኃላፊ ሆኑ።

በዘመኑ ዳኛው የእስራቱን ጊዜ ቆርጦ ስለሚወስን፣ እስረኛው ታረመም አልታረመም የሚፈታው ቀኑ ሲደርስ ነበር። ብሮክዌይ በ1870 በሲንሲናቲ በተካሄደው ብሔራዊ የወህኒ ቤቶች ጉባዔ ላይ የመፈቻው ጊዜ በታራሚው መሻሻል እንዲወሰን ሐሳብ አቀረቡ።

በ1876 የኒውዮርክ ግዛት የኤልማይራ ማረሚያ ተቋምን በኃላፊነት ተረከቡ። በቀጣዩ ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት እርሳቸው ያረቀቁትን ህግ አጸደቀ። በህጉ መሰረት ወደ ተቋሙ የሚላክ ጥፋተኛ የእስራት ዘመኑን ዳኛው አይወስንም፤ ለወንጀሉ ከተደነገገው ከፍተኛ ቅጣት ሳይታለፍ ታራሚውን የመፍታት ስልጣን የተቋሙ ቦርድ ሆነ። ታራሚዎች በስራ፣ በትምህርትና በጠባይ ነጥብ እየተሰጣቸው ከደረጃ ወደ ደረጃ ያልፋሉ፤ በአመክሮ የወጡትም ክትትል ይደረግባቸዋል።

ይሁንና የታራሚው ዕጣ በአንድ ሹም እጅ መውደቁ አደጋ ነበረው። በ1893 እና በ1894 የተካሄደ የግዛቱ ምርመራ በተቋሙ ታራሚዎች በጭካኔ እንደሚገረፉ ገለጸ። በኋላ የተሰየመ ኮሚሽን ነጻ ቢያደርጋቸውም፣ ብሮክዌይ በ1900 ስራቸውን ለቀው በ1920 በ93 ዓመታቸው አረፉ።

አመክሮ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሁሉም የአገሪቱ ግዛቶች ተዳርሷል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ሜይንን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች የቦርዶች ውሳኔ ወጥነት ይጎድለዋል በሚል ስርዓቱን ሰርዘዋል።