ጫማ ሰፊው ነስሙክ

ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. ተወለደ። በልጅነቱ ነስሙክ የሚባል ከአገሩ ነባር ነገድ የሆነ ሰው ወዳጁ ሆኖ ማደንን፣ ዓሣ ማጥመድንና ዱር ማደርን አስተማረው። ኋላም በዚሁ ሰው ስም ይጽፍ ጀመር። መተዳደሪያው ግን ጫማ መስፋት ነበረ።

ሲርስ ሰውነቱ ኮስማና፣ ክብደቱም 50 ኪሎ የማይሞላ ነበረ፤ በዚህም ላይ የሳምባ ሕመም ያስጨንቀው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጓዝ ተሸክሞ ጫካ ለጫካ ሊዞር ከቶ አይችልም። ስለዚህ ጓዙን ቀነሰ።

በ1883 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ፣ ራሽተን የተባለ ባለሙያ 5 ኪሎ እንኳ የማትሞላ ታንኳ ሠራለት። በእርስዋም በአዲሮንዳክ ሐይቆች ላይ 428 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ተጓዘ። ሐይቁ ሲያልቅ ታንኳዋን ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ታንኳው፣ ትርፍ ልብሱ፣ የመኝታ ብርድ ልብሱ፣ መጥረቢያው፣ የዓሣ ዘንጉና የሁለት ቀን ስንቁ ተደምረው ከ12 ኪሎ አይበልጡም ነበር። ከእኛ አንዳንዱ ለአንድ ቀን ሽርሽር ከዚህ የበለጠ ይሸከማል!

ማደሪያው ፊቱ ክፍት የሆነ፣ ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘነበለ የሸራ ዳስ ነው። በፊት ለፊቱ እሳት ያነዳል፤ ከእሳቱም ማዶ እርጥብ ግንዶች ደራርቦ በችካል ያስደግፋል። እርጥብ ግንድ ቶሎ ስለማይነድ ሙቀቱን ወደ ዳሱ ይመልሰዋል፤ ያዘነበለውም ሸራ ተቀብሎ በተኛው ሰው ላይ ያወርደዋል። መጥረቢያው ባለ ሁለት አፍ ነበረች፤ ቀጭኑ አፍ ለእንጨት፣ ወፈር ያለው ለአንጓና ለአጥንት።

ይህንን ሁሉ በ1884 ዓ.ም. ዉድክራፍት በተባለው መጽሐፉ አሳተመ። በ1890 ዓ.ም. በሚኖርበት በዌልስቦሮ ከተማ ዐረፈ። ያች ቀላል ታንኳ ግን በሙዚየም ተጠብቃ ትገኛለች።